ለስንት የፊልም መመልከቻ በየወሩ ይከፍላሉ? ደንበኝነትን የመቆጣጠሪያና የሚታይ ነገር የማግኛ መንገዶች

ከሲያትል በስተደቡብ በምትገኘው ፌደራል ዌይ ከተማ ዝናቡ የማያባራበት የኅዳር ምሽት ነው እንበል። እናት ከሥራ ገብተዋል፤ ልጆች የቤት ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት አያት ጋቢያቸውን ደርበው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት የአራት የፊልም መመልከቻዎች ምልክት ተደርድሮ ይታያል። ለአራቱም በየወሩ ይከፈላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ይቆይና በመጨረሻ አያት «እስቲ ያንን የአማርኛውን ድራማ ክፈቱልኝ» ይላሉ። ድራማው የሚገኘው በዩቲዩብ ነው፤ ያውም በነጻ።

ይህ ቤተሰብ ለምሳሌ የቀረበ ነው፤ ጉዳዩ ግን በሲያትልም፣ በዋሽንግተን ዲሲም፣ በፍራንክፈርትም ለሚኖር ብዙ አባወራና እማወራ እንግዳ አይደለም። ገንዘቡ ጥቂት በጥቂት ስለሚወጣ ማንም ልብ አይለውም። በዓመት ሲደመር ግን ለአገር ቤት ወላጅ የሚላክ ወይም ለልጅ ትምህርት የሚቀመጥ ገንዘብ ይሆናል።

ለመሆኑ ክፍያው እንዲህ የበዛው እንዴት ነው? መቆጣጠርስ ይቻላል? ባለሙያ የማይጠይቅ አንድ መላ አለ፦ መጀመሪያ የሚታየውን መምረጥ፣ ከዚያ በኋላ የሚከፈልበትን መወሰን። አብዛኞቻችን የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከነጻው ዲሽ ወደ ወርሃዊው ክፍያ

ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቴሌቪዥን ማለት ለረዥም ጊዜ ጣሪያ ላይ የተተከለ ዲሽ ነበር። ዲሹና ሪሲቨሩ አንዴ ከተገዙ በኋላ ጣቢያዎቹ በነጻ ይገባሉ። በ2008 የተመሠረተው ኢቢኤስም ሆነ በ2016 የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ማሰራጨት የጀመረው ቃና ተመልካች ቤት የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። እንደ ዲኤስቲቪ ያሉት የሚከፈልባቸው አገልግሎቶችም ቢሆኑ አሠራራቸው ግልጽ ነው። ያልከፈለ ሰው ሥርጭቱ ይቋረጥበታል፤ ሲከፍል ይመለስለታል።

በበይነ መረብ የሚያሳዩት ድርጅቶች የሚሠሩት በሌላ ስሌት ነው። የካርዱ ቁጥር አንዴ ከተመዘገበ፣ ደንበኛው «ይብቃኝ» ብሎ እስካላስታወቀ ድረስ ክፍያው በየወሩ ይቀጥላል። ያየም ያላየም እኩል ይከፍላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው የአበው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም፤ በዚህ ገበያ ዝምታ ገንዘብ ያስወጣል።

እንቁላሉ በእግሩ የሄደው እንዴት ነው?

ኔትፍሊክስ ሥራ የጀመረው ዲቪዲ በፖስታ እያከራየ ነበር። በበይነ መረብ ፊልም ማሳየት የጀመረው በ2007 ሲሆን፣ በ2011 የዚህ አገልግሎት ወርሃዊ ዋጋ በአሜሪካ 7.99 ዶላር ነበር። በ2025 ማስታወቂያ የሌለበት መደበኛው አገልግሎት 17.99 ዶላር ደርሷል። በዚያው ዓመት በቀድሞው 7.99 ዶላር ይገኝ የነበረው ማስታወቂያ የሚታይበት ብቻ ነበር። ዲዝኒ ፕላስ በ2019 መጨረሻ ሲከፈት 6.99 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ በ2025 መጨረሻ ማስታወቂያ የሌለበት አገልግሎቱ 18.99 ዶላር ሆኗል። በዚያው በ2019 በ4.99 ዶላር የተጀመረው የአፕል አገልግሎት ደግሞ 12.99 ዶላር ገብቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ድርጅቶቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋ ዝቅ አድርገው ደንበኛ በማሰባሰብ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ2022 የመጀመሪያ አጋማሽ የኔትፍሊክስ ደንበኞች ቁጥር ሲቀንስ ግን ባለሀብቶች ከደንበኛ ብዛት ይልቅ ትርፍ መጠየቅ ጀመሩ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ማስታወቂያ ያለበትን ርካሽ አገልግሎት አመጣ፤ በግንቦት 2023 ደግሞ በአሜሪካ የይለፍ ቃልን ከቤት ውጭ ላለ ሰው ማጋራትን ከለከለ። የአማዞኑ ፕራይም ቪዲዮም ከጥር 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ማስታወቂያ ማሳየት ጀመረ፤ ማስታወቂያውን የማይፈልግ ደንበኛ በወር ተጨማሪ 2.99 ዶላር እንዲከፍል ተደረገ።

የይለፍ ቃሉ ክልከላ በስደት የሚኖረውን ቤተሰብ በተለየ መንገድ ነክቶታል። ታላቅ እህት አሜሪካ ሆና በከፈለችው ታናሽ ወንድሟ አዲስ አበባ ሆኖ የሚያይበት ጊዜ ነበር። አሁን በኔትፍሊክስ ደንብ «ቤተሰብ» ማለት በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ የኢንተርኔት መስመር የሚጠቀሙ ሰዎች ናቸው። ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚታከል አባልም ከከፋዩ ጋር በአንድ አገር መኖር ይጠበቅበታል።

መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ

ከደንበኝነት መውጣት ምን ያህል አስቸጋሪ ሊሆን እንደሚችል ካሳዩት ጉዳዮች ትልቁ የታየው ከፌደራል ዌይ ብዙም በማይርቅ ችሎት፣ በሲያትል የፌደራል ፍርድ ቤት ነው። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤቱ ሲያትል የሆነውን አማዞንን በሰኔ 2023 ከሰሰ። ክሱ ኩባንያው ሰዎችን ሳያውቁት የፕራይም ደንበኛ አድርጓል፣ ለመሰረዝ ሲፈልጉም መንገዱን ሆን ብሎ አወሳስቦባቸዋል የሚል ነበር። በኮሚሽኑ ገለጻ መሰረት ለመሰረዝ አራት ገጾችን ማለፍ፣ ስድስት ጊዜ መጫንና አሥራ አምስት አማራጮችን መመልከት ያስፈልግ ነበር። ይህ ሂደት በኩባንያው ውስጥ «ኢልያድ» ተብሎ ይጠራ እንደነበር የክስ ሰነዱ ያስረዳል። ስሙ የተወሰደው የትሮይን ረዥም ጦርነት ከሚተርከው የጥንት ግሪክ ግጥም ነው። አማዞን ሂደቱን ክሱ ከመመሥረቱ ጥቂት ወራት በፊት ቀይሮታል።

የፍርድ ሂደቱ በሴፕቴምበር 2025 በተጀመረ በቀናት ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። አማዞን ጥፋቱን ሳያምን በጠቅላላው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ ቅጣት፣ 1.5 ቢሊዮኑ ደግሞ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። መግባት የማይፈልግ ሰው በግልጽ «አልፈልግም» የሚልበት ቁልፍ እንዲያስቀምጥና መሰረዙንም ቀላል እንዲያደርግ ተገድዷል።

ኮሚሽኑ ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2024፣ መሰረዝን እንደ መመዝገብ ቀላል የሚያደርግ አገር አቀፍ ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት በሐምሌ 2025 የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሻረው። በ2010 የወጣው ሕግ ግን አሁንም አለ። ሕጉ በበይነ መረብ የሚሸጥ ሰው የክፍያውን ሁኔታ አስቀድሞ በግልጽ እንዲናገር፣ የደንበኛውን ፈቃድ እንዲያገኝና ቀላል መውጫ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። በጀርመን ለሚኖሩ ደግሞ ነገሩ ይቀልላል። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በበይነ መረብ ውል የሚያስፈርሙ ድርጅቶች በድረ ገጻቸው ላይ የመሰረዣ ቁልፍ እንዲያኖሩ በሕግ ይገደዳሉ።

ከየት ይጀመራል?

አንደኛው እርምጃ ቆጠራ ነው። የባንክና የካርድ መግለጫዎችን አውጥቶ በየወሩ የሚደጋገሙትን ክፍያዎች በወረቀት ላይ መጻፍ። የሦስት ወር መግለጫ ወርሃዊዎቹን ያሳያል፤ በዓመት አንዴ የሚቆረጡትን ለማግኘት ግን የአሥራ ሁለት ወሩን ማየት ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ጎን «ባለፈው ወር ማን አየው?» የሚለውን መጻፍ ነው። መልስ ያጣው የመጀመሪያው ተሰናባች ይሆናል።

ሁለተኛው ክፍያው በማን በኩል እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በአይፎን በኩል የተመዘገበ ደንበኝነት የሚሰረዘው በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ስምን ተጭኖ «ደንበኝነቶች» የሚለውን በመክፈት ነው። በአንድሮይድ ስልክ የተመዘገበው በጉግል ፕሌይ የክፍያና የደንበኝነት ገጽ ይገኛል። በአማዞን ወይም በሮኩ በኩል የተገዛው ደግሞ በእነዚያው መዝገብ ውስጥ ነው። መተግበሪያውን ከስልክ ወይም ከቴሌቪዥን ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። አንዳንድ የስልክ ኩባንያዎችም የፊልም መመልከቻን ከመስመር ክፍያ ጋር አጣምረው ያቀርባሉ። ለምሳሌ መቀመጫው በዚያው በዋሽንግተን ግዛት፣ ቤልቪው ከተማ የሆነው ቲ-ሞባይል በተወሰኑ የአገልግሎት ዓይነቶቹ ኔትፍሊክስን ይጨምራል። ስለዚህ ለአንዱ ነገር ሁለት ጊዜ እየከፈሉ እንዳይሆን ማጣራት ይጠቅማል።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በብዙ ስደተኛ ቤተሰብ ውስጥ መመዝገቢያውን የሚሞላው እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ ነው፤ ኢሜይሉ የእሱ፣ ካርዱ የእናት። ልጁ ኮሌጅ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ቀድሞ ኢሜይሉን ከፋዩ ሰው ወደሚከፍተው መቀየርና የይለፍ ቃሉን በቤት ውስጥ በጥንቃቄ ጽፎ ማስቀመጥ በኋላ የሚመጣውን ራስ ምታት ያስቀራል።

አራተኛው በተመዘገቡበት ቀን መሰረዝ ነው። ነገሩ ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ ሆኖም በአብዛኞቹ አገልግሎቶች ለወሩ የከፈለ ሰው ዛሬ ቢሰርዝም የከፈለበት ወር እስኪያልቅ ማየቱን ይቀጥላል። በነጻ የሙከራ ጊዜ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ ሙከራው እንደተሰረዘ ወዲያው ይዘጋሉ። ለእንዲህ ያሉት ሙከራው ከሚያልቅበት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በስልክ ማስታወሻ መያዝ ይሻላል። የመሰረዣው ማረጋገጫ ኢሜይልም ሊጠፋ አይገባም።

ከተሰረዘ በኋላም ገንዘብ ቢቆረጥስ? በአሜሪካ ሕግ የክሬዲት ካርድ ተጠቃሚ ስሕተት ነው ያለውን ክፍያ፣ ክፍያው የሠፈረበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከለት በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላል። የተቀመጠው ማረጋገጫ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

በተራ፣ እንደ እቁብ

ሁሉንም መመልከቻዎች በአንድ ጊዜ መያዝ ግድ አይደለም። እቁብ የሚጥል ሰው ዕጣው በተራ እንደሚደርሰው ያውቃል፤ ለፊልም መመልከቻዎችም ተራ ማውጣት ይቻላል።

ስሌቱን እንመልከት። በ2025 መጨረሻ በነበረው የአሜሪካ ዋጋ፣ ማስታወቂያ የሌለበትን ኔትፍሊክስና ዲዝኒ ፕላስ እንዲሁም አፕል ቲቪን አንድ ላይ የያዘ ቤት ከታክስ በፊት በወር 49.97 ዶላር ይከፍላል። በዓመት 599.64 ዶላር ይሆናል። ያው ቤት እያንዳንዳቸውን ለአራት ለአራት ወር በተራ ቢይዝ የዓመቱ ወጪ 199.88 ዶላር ነው። ልዩነቱ ወደ 400 ዶላር ይጠጋል፤ የሚቀርበት ፊልም ግን ብዙ አይደለም። አብዛኛው ተከታታይ ድራማ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።

ተራ ለማውጣት የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው። በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ማየት የሚፈልገውን ይጽፍበታል። ከአንድ መመልከቻ አራት ወይም አምስት ርዕስ ሲጠራቀም ያኔ ያ መመልከቻ ይከፈታል፤ ዝርዝሩ ሲያልቅ ይዘጋል። ሲመለሱ አብዛኞቹ ድርጅቶች የቀድሞውን የተመልካች መዝገብ ለበርካታ ወራት አቆይተው ስለሚጠብቁ፣ ከባዶ መጀመር አይኖርም።

ፊልሙ የት ሄደ?

«ባለፈው ዓመት እዚህ ነበር» የሚለው ቅሬታ ምክንያት አለው። መመልከቻዎቹ ብዙዎቹን ፊልሞች የሚያሳዩት ተከራይተው ነው፤ ኪራዩ ለተወሰነ ዓመትና ለተወሰነ አገር ይፈረማል። ዘመኑ ሲያልቅ ወይም ባለቤቱ የራሱን መመልከቻ ሲከፍት ፊልሙ ይነሳል። «ዘ ኦፊስ» የተሰኘው ታዋቂ ተከታታይ በ2021 መግቢያ በአሜሪካ ከኔትፍሊክስ ወጥቶ ወደ ፒኮክ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካ የሚታየው ፊልም ለንደን ላይ የማይገኘውም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ አንድ በአንድ እየከፈቱ ከመፈለግ፣ የት እንዳለ የሚናገር መፈለጊያ መጠቀም ይቀላል። ከበርሊን የሚሠራው ጀስትዋች የፊልሙን ርዕስና የሚኖሩበትን አገር ሲነግሩት የት በክፍያ፣ የት በኪራይ፣ የት በነጻ እንደሚገኝ ያሳያል። አገሩን በትክክል መምረጥ ግን የግድ ነው።

የኢትዮጵያን ፊልሞች ለሚፈልግ ሰው ሌላም ምክር አለ፤ ከርዕሱ ይልቅ በአዘጋጁ ስም መፈለግ። በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመካተት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው የያሬድ ዘለቀ ሥራ በእንግሊዝኛ «ላምብ» ይባላል። በዚያው ርዕስ ቢፈለግ ግን በ2021 የወጣ የአይስላንድ ፊልም ሊመጣ ይችላል። በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን «ድፍረት»ን ለማግኘትም የዘረሰናይ መሐሪን ስም መጻፍ ይረዳል።

አንድ ሥራ ለዓመታት ከዓይን ርቆ ሊመለስም ይችላል። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲያወጣ በአሜሪካ አከፋፋይ ስላላገኘ ፊልሙን ራሱ ከከተማ ከተማ ይዞ ዞሯል። ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ የቀረበው በ2021፣ ከ28 ዓመታት በኋላ ነው። ዝርዝሩን መጣል የማይገባው ለዚህም ነው።

ሳይከፈል የሚታይ

የፌደራል ዌይ ነዋሪ በከተማዋ ሁለት የኪንግ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፎች አሉት፤ የአባልነት ካርዱ በነጻ ይሰጣል፣ ዲቪዲም ይዋሳል። በአሜሪካ የሚገኙ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በዚሁ ካርድ ካኖፒ ወይም ሁፕላ በተሰኙት መመልከቻዎች ፊልም በነጻ እንዲታይ ያደርጋሉ። የትኛው በአካባቢዎ እንዳለ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ መጠየቅ በቂ ነው።

በመስኮት ላይ የሚቀመጥ ቀላል አንቴናም አልተረሳም። ኮሞ 4፣ ኪንግ 5፣ ኪሮ 7 እና የሕዝብ ቴሌቪዥን የሆነው ቻናል 9 ከሲያትል ኮረብቶች ላይ በነጻ ያሰራጫሉ። ዜና፣ የአየር ሁኔታና ስፖርት ለሚከታተል ቤት ይህ ብዙውን ይሸፍናል። ቱቢና ፕሉቶን የመሳሰሉ አገልግሎቶችም ማስታወቂያ እያሳዩ በነጻ ይሠራሉ፤ የካርድ ቁጥር አይጠይቁም።

በየትኛውም መመልከቻ ያልተገኘ ፊልም ለሚፈልግ ደግሞ ሲያትል ከ1988 ጀምሮ ያለው ስኬርክሮው ቪዲዮ አላት። ከ2014 ወዲህ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሆነው ይህ ቤት ከ100 ሺህ በላይ ርዕሶችን የያዘ ሲሆን፣ በፖስታም ያከራያል።

የአማርኛ ድራማና ፊልም በብዛት የሚገኘው አሁንም በዩቲዩብ ነው። እንደ ሐበሻ ቪው ያሉ በውጭ ላለው ኢትዮጵያዊ የሚያቀርቡ ክፍያ የሚጠይቁ አገልግሎቶችም አሉ። ለእነሱ የሚከፈለው ገንዘብ የአገር ቤት ፊልም ሠሪ ዘንድ ሊደርስ ስለሚችል፣ በተራ ዝርዝሩ ውስጥ ቢገቡ ተገቢ ነው።

«ሁሉንም ያሳያል» ከሚባለው ሳጥን ግን መጠንቀቅ ይገባል። በአንድ ክፍያ የዓለምን ጣቢያ ሁሉ ያሳያል እየተባለ የሚሸጥ ያልታወቀ መሣሪያ ከሕገ ወጥነቱም ባሻገር ለቤት ኢንተርኔት አደጋ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ በሰኔ 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አንዳንድ ርካሽ የቴሌቪዥን ማሳያ ሳጥኖች ተንኮል አዘል ፕሮግራም ተጭኖባቸው እንደሚሸጡና ወንጀለኞች በእነሱ በኩል የቤት ኢንተርኔትን እንደሚጠቀሙ ገልጿል። እንዲህ ያለው ሳጥን አንድ ቀን ድንገት ሲቋረጥ ቅሬታ የሚሰማ አካልም አይገኝም።

ወደ ሶፋው ስንመለስ

በመግቢያው ላይ ያነሳነው ቤተሰብ ዛሬ ማታ ቢጀምር፣ የመጀመሪያው ሥራው የሩብ ሰዓት ብቻ ነው፦ ወረቀት አውጥቶ አራቱን መመልከቻዎች መጻፍ፣ ባለፈው ወር ማንም ያላያቸውን መሰረዝ፣ የቀረውን አንዱን መያዝ። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ደግሞ ሁሉም የሚፈልገውን ይጽፋል። አያትም ቢሆኑ ተራ አላቸው። ድራማቸው በነጻ ስለሆነ ምንም ሳይከፈል ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይችላል፤ ልጆቹም አጠገባቸው ተቀምጠው ያልገባቸውን ቃል እየጠየቁ አብረው ያያሉ።